ሰላምታ የማያስቀር ፍጥነት

ሰውየው ብስክሌቷን ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ አስደግፎ ወደ ቤት ሲገባ፣ አባቱ በትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ ይጠብቁት ነበር።

«ማንን አገኘህ?» አሉት።

«ማንንም። መንገዱን ልልመድ ብዬ እስከ ሐይቁ ደርሼ ተመለስኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀብኝ» አለ ሰዓቱን እያየ። ላብ አጥምቆታል። በራሱ ሳይኮራም አልቀረ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ የት ሄደህ ነው የመጣኸው?» አሉት።

ጊዜው ጥር 2017 ዓ.ም.፣ ቦታው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ልጅየው አርባዎቹን ያጋመሰ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው። አባቱን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ እንዳላቸው በስልክ ሲነገረው፣ በመኪናው ሊነሣ ነበር። ቤተሰቡ አልፈቀደም። በዚህ ዘመን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በየብስ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ በአውሮፕላን መጣ።

ጠያቂው ብዙ ነበር። ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም። በሦስተኛው ቀን ግን አባቱ ልጃቸውን ለብቻው አገኙትና አንድ ነገር ለመኑት። አንደበታቸው ገና በደንብ ስላልተፈታ ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጡት።

«የመጣውን ሰውማ አየሁት። የሚያሳስበኝ ያልመጣው ነው። እኔ ነበርኩ እየዞርኩ የምጠይቃቸው። ብስክሌቷን አውጣና በደኅና መኖራቸውን እይልኝ። ሰላም በልልኝ።»

ስማቸውን ከነሰፈራቸው ቆጠሩለት። አሥራ አንድ ናቸው።

አባትየው ዓባይ ዳር ባለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመ፣ ለከተማዋ ብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ ነው። እሳቸው የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጥቁሯን ፎኒክስ ብስክሌት ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ገዟት። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት፣ ፈረቃው በዞረ ቁጥር በእሷ ድልድዩን ተሻግረው ይሄዳሉ፣ በእሷ ይመለሳሉ።

ያኔ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ። ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ላይ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ሁሉ ፔዳል ይረግጣል። ብስክሌት መግዛት ያልቻለ ልጅ በሳንቲም ተከራይቶ ሰዓት እየተያዘበት ይነዳል። ባጃጅ መጥቶ ከተማዋን እስኪሞላት ድረስ የመንገዱ ድምፅ የደወልና የካቴና ድምፅ ነበር።

ልጅየው ግን ያችን ብስክሌት አይወዳትም ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄደው ከኋላዋ መጫኛ ላይ ተቀምጦ ነው። የሚያረፍደውም በእሷ ምክንያት ነው። አባቱ መንገድ ላይ ሰው አያልፉም። በአካባቢው ወግ ትልቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ የመጣው «በእግዜር» ይላል። አባቱ ብስክሌት ላይ ተቀምጠውም ይህን አልተዉም። ሽማግሌ ወይም ቄስ ባዩ ቁጥር ፔዳሉን ቀጥ አድርገው፣ ከኮርቻው ብድግ ብለው፣ ብስክሌቷን በራሷ ግፊት እያንሳፈፉ «ኖር!» ይላሉ። የክፍል ጓደኞቹ ይህን እየኮረጁ ይስቁበት ነበር። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ፊቱን በአባቱ ጃኬት ሸፍኖ፣ «እኔ ሳድግ መኪና ነው የምገዛው» እያለ ለራሱ ይምላል።

አደገ፤ መኪናም ገዛ።

በመጀመሪያው ቀን የሠራው ስሕተት የመኪና ሰው ስሕተት ነው። መሪውን እንደያዘ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተከለ። የፊቱን ባጃጅ ቀደመ። የቀደመውን ባጃጅ መልሶ ቀደመ። ሐይቁ ሲደርስ ደረስኩ ብሎ ዞረ። ከአሥራ አንዱ ሰዎች ቢያንስ በስድስቱ ደጅ አልፏል። አላያቸውም፤ እነሱም አላወቁትም።

በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ የቆመው ጎሚስታው ዘንድ ነው። ጎሚስታው ከዝርዝሩ ውስጥ አንደኛ ነበር። ጎማዋን ነፋ፣ ፍሬኗን አጠበቀ፣ ካቴናዋን ዘይት ቀባ። ልጅየው ያላላውን የካቴና መሸፈኛ ቆርቆሮ አሳይቶ፣ «ይኼንንም እሰርልኝ፣ ኳኳታው ይረብሻል» ቢለው ጎሚስታው እጁን ሰበሰበ።

«እሱን አልነካም። አባትህ ከልክለውኛል። ደወሌ እሱ ነው ይላሉ።»

ከዚያ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ነዳ። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ብስክሌት ስትፈጥን ራሷን ታቆማለች፤ ስትዘገይ ትዋልላለች፣ ነጂውም በየቅጽበቱ ሚዛኗን መጠበቅ አለበት። ፈጣን ነጂ ሊሆን የሚፈልግ ጉልበት ይበቃዋል። ዘገምተኛ ነጂ ግን ትከሻውን ማላላት፣ ዓይኑን ከፊት ጎማ አንሥቶ ራቅ አድርጎ ማየት፣ ትንፋሹን ማሳረፍ ይማራል። ይህን ለመማር ሁለት ቀን ፈጀበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደስታ ከየት እንደመጣ ራሱም አላወቀም። ጥላና ፀሐይ በተራ በተራ ፊቱ ላይ ያልፋሉ። ከአንዱ ቤት የቡና ቁሌት፣ ከሌላው የበርበሬ፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ሽታ ይመጣል። ሰው የሚያወራውን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ይሰማል፤ ሌላውን ግማሽ የሚቀጥለው ደጃፍ ይሞላለታል። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከአጥሩ በላይ የተሰጣውን ልብስ፣ ጓሮ የሚኮተኩተውን ሰው ያያል። እግረኛ በሰዓት አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዝግታ የምትነዳ ብስክሌት አሥርና አሥራ ሁለት። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን አንድ ሰው በአንድ ጠዋት መንደሩን ብቻ ከማየት ወጥቶ ከተማውን ማዳረስ የሚያስችለው ይኼው ትንሽ ልዩነት ነው። ከዚህ በላይ ከፈጠነ ደግሞ ሰላምታው ይቀራል።

የእኛ ሰላምታ ጊዜ ይፈልጋል። «እንዴት አደርክ» ተብሎ አያልቅም። ሚስት ትጠየቃለች፣ ልጅ ይጠየቃል፣ ከብት ይጠየቃል፣ የታመመ ይጠየቃል። በመኪና መስኮት የሚቻለው እጅ ማውለብለብ ነው፤ የመኪና ጥሩንባም ሰላምታ ይሁን ስድብ አይለይም። ብስክሌተኛ ግን ፊቱ የተገለጠ ነው። መስተዋት የለው፣ ጥቁር ላስቲክ የለው። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ ሁሉም ያያል። ሰው የማያውቀውን ተሽከርካሪ በጥርጣሬ በሚያይበት ጊዜ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሕፃናት «የሽማግሌው ልጅ መጣ!» እያሉ ይከተሉት ጀመር።

ልጅየው የሒሳብ ሰው ነውና አንድ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ መኪናውን አሰላ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቪየና የተወለደው ጸሐፊ ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ኃይልና ፍትሐዊነት ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የአሜሪካውያንን ሒሳብ ሠርቶ ነበር። አንድ አሜሪካዊ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥበትንና ለመኪናው ወጪ የሚሠራበትን ሰዓት ሁሉ ደምሮ በዓመት 1,600 ሰዓት አገኘ። በዚያ ሰዓት የሚጓዘው 7,500 ማይል ነው። ተካፍሎ ሲታይ በሰዓት ከአምስት ማይል በታች፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ሜትር አይሞላም።

የባንክ ባለሙያው የራሱን ሲሠራው የባሰ ሆነበት። የባንክ ብድሩ፣ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ መለዋወጫው፣ ፓርኪንጉ ሲደመር፣ ከሳምንቱ አምስት የሥራ ቀናት ሰኞንና ማክሰኞን የሚሠራው ለመኪናው ነው። በዚያ ላይ ጠዋትና ማታ መንገድ ተዘግቶ የሚቆምበት ሰዓት አለ። ለሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ሥራ የሄዱት አባቱ ከእሱ ይፈጥኑ ነበር ማለት ነው። ይህን ሲያስብ ለብቻው ሳቀ።

ነገር ግን ዝግታን አምላክ ማድረግ አያስፈልግም። አባቱ የታመሙ ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሳቸው የጎረቤት ባጃጅ ነው። ያን ሌሊት ብስክሌት አያድንም ነበር። ባጃጅ ነጂውም የልጆቹን እራት ይዞ ለመግባት መፍጠን አለበት። አባትየውም ቢሆኑ በብስክሌት የሄዱት ስለ ዝግታ ጥቅም አስበው ሳይሆን ሌላ መግዣ ስላልነበራቸው ነው። የእሳቸው ብልሃት፣ ድህነት የሰጣቸውን ፍጥነት ለሰው መጠየቂያ ማድረጋቸው ነው።

በአምስተኛው ቀን ልጅየው የቀድሞውን የፋብሪካ ጥበቃ ሊጠይቅ ሄደ። እኚህ ሰው ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጅየው ገና ከቅያሱ ሲታጠፍ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሲነሡ አየ። የቆርቆሮዋን ኳኳታ ሰምተዋል።

«ኖር! ኖር! ዳንክ? ተመስገን! ሞተ ብለው ሊያስለቅሱኝ ነበር እኮ!»

ልጅየው ምን እንደሚል ጠፋው። እግሩ ሳያዝዘው ፔዳሉን ቀጥ አደረገ። ከኮርቻው ብድግ አለ። «በእግዜር» አለ፤ ድምፁ ግን የአባቱ አልነበረም።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መሪውን ዳሰሱ፣ ኮርቻውን ዳሰሱ፣ በመጨረሻ የልጅየውን ትከሻ ያዙ።

«ልጁ ነህ? ከኋላ ተቀምጠህ ፊትህን ትሸፍን የነበርከው?»

«አዎ።»

«አባትህ ይነግረኝ ነበር። ልጄ ያፍርብኛል ይለኝ ነበር። ግዴለም፣ ሲያድግ ይገባዋል እለው ነበር።»

ሰዎቹ ያውቁ ነበር። ልጅየው ለሠላሳ ዓመት ማንም አላወቀብኝም ብሎ የያዘውን ነገር አባቱ ያኔውኑ አውቀውታል፤ አውቀውም በማግሥቱ ከኋላ ጭነውት ሄደዋል።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን በደኅና አገኛቸው። ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ገንዘብ አልቀበልም ብላ ሦስተኛውን ስኒ አስጠጣችው። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልተው ሰው አንድ ቆሮሶ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ «ለበሽተኛ ሾርባ ጥሩ ነው» ብሎ መሪው ላይ አንጠለጠለለት። የአንደኛው ቤት ግን ተዘግቷል። ጎረቤቶቹ ቤተሰቡ ወጥቶ ሄዷል አሉ። ወዴት ሲባል መሬት መሬት አዩ። ልጅየው አላስጨነቃቸውም። አባቱ ሲነገራቸው፣ «በሄዱበት ይቅናቸው» ብቻ አሉ።

አሥራ አንደኛው የሽመና ክፍል ጓደኛቸው ነበሩ። አባቱን ብስክሌት ያስተማሯቸውም እሳቸው ናቸው። ልጅየው ግቢው ሲደርስ ጥቁር የለበሱ ሴቶች አገኘ። ሰውየው ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ አባቱ በታመሙ በአምስተኛው ቀን ማለት ነው። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም ተብሎ ሁሉም ደብቋቸዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱን የሚሞላው ጠያቂ ሁሉ ይህን እያወቀ ገብቶ፣ ይህን እያወቀ ወጥቷል።

ያን ቀን ወደ ቤት የተመለሰው እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ድልድዩ ላይ ወርዶ ብስክሌቷን እየገፋ ሄደ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ከጭነት መኪና እየተጋፉ ተሻግረዋል። ለብስክሌት የተሠራ መንገድ ሲመጣ ጥቂት ወራት ብቻ ነዱበት። ልጅየው መሐል ላይ ቆሞ ውኃውን እያየ፣ ምን እንደሚል አሰበ። ላለመናገር ወሰነ።

ማታ እንደ ልማዱ ሪፖርቱን አቀረበ። ጎሚስታው ሰላም ብሏል። ቡና የምታፈላዋ ልጇ ተመርቃለች። ጥበቃው ጤፍ ተወደደብኝ ይላሉ። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና፣ «አንዱን ዘለልከው» አሉ።

ዝም አለ።

«አውቄዋለሁ። እሱ ቢኖር ኖሮ እየዳኸም ቢሆን ይመጣ ነበር።»

«ታዲያ አባባ፣ ካወቁ ለምን ላኩኝ?»

«የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ።»

አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ደግፎ አስቀመጣቸው። በማግሥቱ በእሳቸው ስም ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ዳገት የሌለበትን ያን መንገድ ከወትሮው ይበልጥ ቀስ ብሎ ነዳው። በየደጃፉ ያሉ ሰዎች ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። ሲያልፍ ከተቀመጡበት እየተነሡ ዝም ብለው ቆሙለት።

በአገራችን ስለ ብስክሌት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ውድድር ነው። መነሣቱም ይገባል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ የሚያኮሩ ናቸው። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ ደርሶ የተመለሰ፣ በመንገዱም ላይ ሰው ሳይጠይቅ ያላለፈ ብስክሌተኛ ዜና ሆኖ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ብስክሌት ሌላ ወሬ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። አንዳንዱ ለጌጥ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሥልጣኔ ነው ይላል። ክርክሩ ስለ ቀለሙና ስለ ስፋቱ ነው። ይሁንና መስመሩ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በዚያ ላይ ሰውነቱን በጠባብ ልብስ ወጥሮ የሚበረው ወጣት ብቻ መሆን የለበትም። ቦርሳዋን ከፊት ይዛ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ልጁን ከኋላ የጫነ አባት፣ ለመታጠፍ ጊዜ የሚፈልግ ጡረተኛ ሳይፈሩ ሲነዱበት ካየን ያኔ መንገዱ ተሠርቷል ማለት ይቻላል። የከተማ ደኅንነት የሚለካው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው በሰላም ሊያልፍበት በመቻሉ ነው። በከተማ ውስጥ ብቻም አይደለም። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሳይፈሩ፣ ሳይቸኩሉ መሄድ የሚቻልበትን ቀን የሚናፍቅ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ልጅየው ፈቃዱ አልቆ አዲስ አበባ ተመለሰ። መኪናውን አልሸጠም፤ ያገለገለች ብስክሌት ግን ገዛ። አዲስ አበባ ባሕር ዳር አይደለችም፤ ዳገቱ ይገድላል፣ አየሩ ይሳሳል፣ ሽቅብ ሲሆን ወርዶ መግፋት ነው። መስመሩ ላይ ሞተር ሳይክል ይገባበታል፣ መኪና ይቆምበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ለሰዎች ሰላምታ ሲሰጥ አብዛኛው አልመለሰለትም። አንዱ የሕንፃ ጥበቃማ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ሌባ መስሎት።

አባቱ እስካሁን አልጋ ላይ ናቸው። ግራ እጃቸው ስልክ መያዝ ይችላል። ሁልጊዜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው።

«ዛሬስ ማንን አገኘህ?»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጅየው መልስ ነበረው። ለአሥር ዓመት በመኪና ያለፈበት ማዞሪያ ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴትዮ የጎጃም ልጅ ናት። ያ የሕንፃ ጥበቃም ስልኩን መደበቅ ትቷል። ዛሬ ጠዋት ከሩቅ ሲያየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር።